ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፏል?

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ለሴቶች ሕመም ተብሎ በጠርሙስ ስለሚሸጥ መድኃኒት ነው። ነገሩን ከሩቅ አገር፣ ከአሜሪካ እንጀምራለን። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሊን በምትባል ከተማ ወይዘሮ ሊዲያ ፒንክሃም የሚባሉ ሴት ነበሩ። በ1873 በአገሩ የገንዘብ ችግር ደረሰ፤ ባለቤታቸውም ያላቸውን አጡ። ቤተሰቡ ምን ይብላ? ወይዘሮ ሊዲያ ቀድሞ ለጎረቤት በነጻ ይሰጡት የነበረውን የሥራ ሥር መድኃኒት በ1875 በጠርሙስ እያደረጉ መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው 1 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ልዩ ልዩ ሥራ ሥር ይገባበታል፤ እኛ የምናውቀው አብሽም አለበት።

ሴቶቹ ለምን ገዙት? ሞኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ሐኪሞቹ ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ። የማኅፀንን ሕመም ለወንድ መናገር ያሳፍራል። በዚያ ጊዜ ማኅፀንን በቀዶ ጥገና ማከምም ብዙ ሕይወት ያጠፋ ነበር። ታዲያ በጋዜጣ ላይ የአንዲት ደግ እናት ፊት ታየ፤ ችግራችሁን ጻፉልኝ የሚል ግብዣም ተጨመረበት። የጻፈች ሴት መልስ ታገኛለች። ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ ከሚሰጠው ምክር መልካም የሆነ ነበረበት፤ ይህን መካድ አይገባም።

ማስታወቂያው ግን በዚህ አልቆመም። የማኅፀን እጢ ሳይቀር ያሟሟል ይል ነበር። ይህ ውሸት ነው። ውሸቱን አምና ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ የምትጨምር ሴት የሚያልቅባት ገንዘቧ ብቻ አይደለም፤ የመታከሚያ ጊዜዋም ያልፋል።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ሊዲያ በ1883 ሞቱ። ማስታወቂያው ግን ሴቶች እንዲጽፉላቸው መጋበዙን ቀጠለ! መልሱን የሚጽፉት የድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ። በ1905 አንድ የሴቶች መጽሔት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመቃብራቸውን ድንጋይ ፎቶግራፍ አወጣ። ማንበብ የሚችል ሁሉ የሞቱበትን ዓመት አነበበ።

በ1906 ደግሞ ሕግ ወጣ። መድኃኒቱ አልኮል ካለበት ሻጩ መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ ተገደደ። የዚህኛው ስንት ሆኖ ተገኘ? ከ100 እጅ 18 እጅ! ቢራ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 5 እጅ ያህል ነው። መጠጥ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ስንቷ ሴት ሳታውቀው ጠጣችው! ሕመሙ ለጊዜው ቢደነዝዝላት ምን ይገርማል? መድኃኒቱ ለማርገዝ ለሚፈልጉትም ይሸጥ ነበር፤ አልኮል ግን ፅንስን ይጎዳል።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከእኛም ገበያ አይጠፋም። ለሴት ሕመም ሁሉ ይሆናል የሚል ካያችሁ አገላብጡት። ምን ገባበት? ማን ሠራው? የሚያበቃው መቼ ነው? ጽሑፍ ከሌለው አትግዙ። ከወር አበባ ጊዜ ውጪ ደም ከታየ፣ ወይም የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ከቆመ በኋላ ደም ከመጣ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማኅፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እሱም በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። የጀመራችሁት መድኃኒት ካለ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ አሳዩ።