ውሃን በውሃ ማገድ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። የውሃ ፓምፕ ሞተሩ ከውጭ፣ ውሃውን የሚገፋው መዘውር ከውስጥ ስለ ሆነ፣ የሚዞረው ዘንግ የግድ ግድግዳውን አልፎ መግባት አለበት። ቀዳዳው ቢጠብ ዘንጉ ይፋተጋል፤ ቢሰፋ ውሃው ይፈስሳል። እንግዲህ ምን ይደረግ?

የቀድሞው መልስ ቅባት የጠጣ ገመድ በዘንጉ ዙሪያ ጠቅጥቆ በብሎን ማጥበቅ ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ገመዱ እንዳይግል ጥቂት ሊያንጠባጥብ ይገባዋል። ጠብታውን ጨርሼ ላቁም ብሎ የሚያጠብቅ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፤ ዘንጉንም ያስበላል።

መካኒካል ሲል የሚባለው መሣሪያ ችግሩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ሁለት ቀለበቶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ሁለተኛው ግድግዳው ላይ ተተክሎ ይቆማል። ሞላ ያጋጥማቸዋል፤ የፈሳሹም ግፊት ያግዘዋል። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፊት ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ወይም ሲሊከን ካርባይድ ነው። ፊታቸው እጅግ የተስተካከለ ስለ ሆነ ጉድለቱ የሚለካው በብርሃን ሞገድ ነው፤ ይኸውም ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ በታች ነው።

ምሥጢሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል ስስ የፈሳሽ ሽፋን ገብቶ ያለሰልሳቸዋል፣ ያቀዘቅዛቸዋል። ሲሉ የሚኖረው በሚያግደው ፈሳሽ ነው። የሚያመልጠው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ዓይን አያየውም።

ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። በአንድ ፋብሪካ ስለማመድ የመሳቢያውን ሳራቺኔስካ ሳልከፍት ፓምፑን አስነሣሁ። ጥቂት ቆይቶ ይጮኽ ጀመር። ደንግጬ ብከፍተው ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ሰነጠቀውና ወለሉ ተጥለቀለቀ። «ሲሉ ብልሹ ነው» አልሁ። አንድ አዛውንት መካኒክ ስባሪውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ አንተ ውሃ ነፈግኸው እንጂ እሱስ ሥራውን ያውቃል» አሉኝ።

የፈሰሰው ውሃ ነበር፤ ቤንዚን ቢሆንስ? ለእንዲህ ያለ አደገኛ ፈሳሽ ሁለት ሲሎች ተደርበው በመካከላቸው ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ እንዲኖር ይደረጋል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብም አንድ ሲል ሦስት ዓመት ያህል ሳይለወጥ እንዲሠራ ያለመ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ ሳራቺኔስካ አይከፍትም፤ የሚከፍተው ሰው ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ነገ ፋብሪካ ስትገቡ ዕቃውን ከመክሰሳችሁ በፊት የተሰበረውን ፊት አገላብጣችሁ ተመልከቱ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።