ለከፋ፦ አድናቆት ነው ወይስ ልክፍት?



በተማሪነቴ ዘመን ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ሳለ፣ በአጠገባችን ስታልፍ የነበረች የክፍላችንን ልጅ ለከፏት። እኔ አልተናገርሁም፤ ነገር ግን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላየናትም፤ ዙሪያውን ትሄድ ነበር።

ዛሬ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው ከተማ ስለ ለከፋ ሦስት ሐሳብ እሰማለሁ። አንዱ «አድናቆት ነው» ይላል። ቋንቋችን ግን አይስማማም፤ ለከፋ የልክፍት ወንድም ነው፤ «ጋኔን ለከፈው» ስንል አድናቆት ማለታችን አይደለም። ሁለተኛው በአለባበሷ ያመካኛል። ነጠላዋን ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰውስ መቼ አመለጠች?

ሦስተኛው «ሕግ ይዳኘው» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በሥራ ቦታ ከልክሏል፤ መንገድ ግን አሠሪ የለውም። ቢሆንም ሕግን አልንቅም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ክስ ይቀርለት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። «ባህል ነው» የተባለውም ወንጀል ሆኖ ቀረ።

«ታዲያ ሴት አናናግር?» ትሉኝ ይሆናል። አናግሩ እንጂ! «እንዴት ዋልሽ» ማለት የአገራችን ወግ ነው። ሰላምታ መልስ ይጠብቃል፤ ዝም ብላ ብታልፍም መንገዷን ይለቅላታል። ለከፋ ግን ዝምታዋንም በስድብ ይከተላል።

ለካፊው ጀግና የሚሆነው በሳቃችን ነው። ዛሬ ማታ ጓደኛችሁ ሲለክፍ አትሳቁ፤ «ተው» በሉት። እኔ ያን ቀን ያላልሁት ይህን ነበር።