ባለ እጁን በስሙ እንጥራው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳ የወጣ)



ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ንግግር እንድናደርግ ስንጠየቅ ከሩቅ አገር ምሳሌ ለማምጣት አልፈለግንም። ነገሩ እዚሁ ጓዳችን ውስጥ አለ። ቡና የሚፈላበት ጀበና፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ዛሬ ብርድ ነው ብለን የደረብነው ጋቢ፣ ለክረምት የሚሳለው ማረሻ፣ ለመኸር የሚፈለገው ማጭድ፣ ይኼ ሁሉ የማን እጅ ሥራ ነው? የባለ እጁ ነው። በላይ ጋይንትም ሆነ በታች ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ገበሬው ያለ ቀጥቃጭ አያርስም፤ ባለቤቲቱም ያለ ሸክላ ሠሪ ምድጃዋን አታሞቅም።

ይኼ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች በየገበያው የሚጠሩበት ስም ምንድን ነው? ብረት ሠሪው «ጠይብ» ይባላል፤ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው ደግሞ «ፋቂ» ይባላል። ከሁሉ የከፋው «ቡዳ» የሚለው ነው። ዕቃው በሁለት እጅ ይወሰዳል፤ ሠሪው ግን ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። የዛሬው ንግግራችን ይኼን ለማስቀረት መንግሥትና የአካባቢ አስተዳደር ምን ሠሩ፣ ለእኛስ ምን ቀረልን በሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ይኼ ስድብ ክልክል ነው መባል የጀመረው ዛሬ እንዳልሆነ እንወቅ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በአዋጁ የሰው ሁሉ ጥንቱ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሰደበ እሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠርና የአንድ ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው አስታውቀዋል። ከእሳቸው በፊትም ቢሆን አጼ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ደብረ ታቦር ጥግ፣ ጋፋት ላይ፣ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀርጹ የአገር ኃይል በእጅ ሥራ እንደሚመጣ ተረድተውት ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው በዚሁ በጋፋት ነው።

ታዲያ ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጠንካራ አዋጅ ከወጣ ስድቡ ለምን አልቀረም? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስድቡ ከላይ የሚታየው ቅጠሉ ነው፤ ሥሩ መሬት ላይ ነበር። በጎንደር አገር መሬት በርስት ይያዝ እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። እከሌ አባቴ ነው ብሎ ዘሩን ቆጥሮ ርስት ለመጠየቅ የማይፈቀድለት ሰው መሬት የለውም። እስላሙና ቤተ እስራኤሉ በዚህ ሥርዓት ባለ ርስት ለመሆን አይችሉም ነበር። በመሆኑም ብዙዎቹ በሽመና፣ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በንግድ ማደር ግድ ሆነባቸው። በሰው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚኖር ሰው ደግሞ ቢሰደብ ለማን አቤት ይላል? ዳኛው ራሱ ባለ ርስት ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በሲቪል መብት አጠቃቀም ረገድ በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ቃሉን ከአዲስ አበባ አንሥቶ እስከ ገበያ ዳር የሚያደርስ፣ የሰውየውንም ስም በመዝገብ የሚያሰፍር አልነበረም።

መዝገብ ያልነው በምክንያት ነው። የ1967 ዓ.ም. ለውጥ ብዙ መከራ ያስከተለ ቢሆንም ሁለት አዋጆቹ ወደ ሰፈር የወረዱ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ማረስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከ10 ሄክታር ሳይበልጥ፣ የሚተዳደርበት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ዘርህን ቁጠር የሚለው ጥያቄ በሕግ ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የቀበሌ ማኅበራትንና የፍርድ ሸንጎዎቻቸውን አቋቋመ። በዚያው ዓመት የእስልምና በዓላት የአገር በዓላት ሆነው ታወቁ፤ ይኸውም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እኩልነት ተጠይቆበት ከተደረገው ትልቅ ሰልፍ በኋላ የመጣ ነው። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ሸማኔውም ቀጥቃጩም «እዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ» ለማለት የሚያስችል የሕግ መሠረት ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ግን ሙሉውን እንናገር። መዝገብ ሰውን እንደሚያስገባ ሁሉ ያስወጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በብዙ ከተሞች ቀበሌው ራሱ ማሰሪያና መግደያ ሆኖ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው የመሬት ሽግሽግም «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ገበሬዎች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ፣ ለሌላው ጣሪያው ከዚያ ከፍ ያለ ነበር። ቅጽል ስም ከስብሰባ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ማሳ ይቆርሳል ማለት ነው። ስለዚህ «አድልዎ የባለ እጅ ችግር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ካለ ይኼን ያስብ። ዛሬ በሌላው ላይ የሚለጠፍ ስም ነገ በማን ላይ እንደሚለጠፍ አይታወቅም።

ከሠሩት መልካም ሥራዎች አንዱን ደግሞ እንጥቀስ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ይኼ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሚስትህ ባለ መብት ናት ብሎ መቶ ጊዜ ከመስበክ ይልቅ ስሟን አንድ ጊዜ መጻፍ በለጠ። ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሩን ይዛ ስትቀርብ «አንቺ ማን ነሽ?» የሚላት የለም፤ ቢላትም መልሱ በእጇ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ምን ይላል? ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 25 የሰዎችን ሁሉ በሕግ ፊት እኩልነት፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ያስከብራል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም የሰውን ክብር በስድብና በስም ማጥፋት መንካት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ በአደባባይ «ቡዳ ነሽ» የተባለች ሴት ቀልድ ነው ተብላ ልትመለስ አይገባትም፤ ለፖሊስና ለወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት የማመልከት መብት አላት። አድልዎውን ያደረሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ከሆነ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ቢሮ አላቸው፤ አቤቱታ ለማቅረብም ክፍያ አይጠየቅም። ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው።

እንግዲህ ሕጉ አለ። ሆኖም ሕግ የማይገባበት ደጅ አለ፤ እሱም የእኛ ደጅ ነው። እድር፣ ማኅበር፣ የገበያ አቀማመጥ፣ የውኃ ወረፋ፣ የልጆች ጨዋታ፣ ይኼን ሁሉ ፖሊስ ቆሞ አይጠብቅም። ሸክላ ሠሪዋ የእድር መዋጮ እየከፈለች «ድንኳኑ ለእናንተ አይወጣም» ብትባል የትኛው ፍርድ ቤት ነው በቀብር ቀን የሚደርስላት?

የቡዳውን ነገር ለይተን እንናገር፤ ምክንያቱም ነፍስ ያለበት ነው። ሕፃን ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው «እከሊት በልታው ነው» ይባልና ሴትዮዋ ለፍልፊ ተብላ ትያዛለች። በዚህ መሐል ሰዓቱ ያልፋል። ልጁን የያዘው በቆላው ወባ፣ በደጋው የሳንባ ምች፣ በየትም ቦታ ተቅማጥ ሊሆን ይችላል። ሁሉም መድኃኒት አላቸው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ያለው በጤና ኬላውና በጤና ጣቢያው እንጂ በጎረቤት ደጅ አይደለም። እንዲህ ባለው ቤት ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ሳይታከም የቀረው ልጅና በሐሰት የተወነጀለችው ሴት። ልጁ ቢሞት ደግሞ ሴትዮዋ መንደር ለቃ ትሰደዳለች፤ ምጣድ የሚሠራም ይጠፋል።

«ባህላችን ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩን ነው» የሚል ሐሳብ እንደሚነሣ እናውቃለን። አባቶቻችን ብዙ መልካም ነገር አቆይተውልናል፤ ደቦውን፣ ወንፈሉን፣ እድሩን። ልጅህን ለእገሌ ዳር ብለን ማንንም አናዝም፤ ጋብቻ የተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው። የምንናገረው የጋራ ስለ ሆነው ነገር ነው። ወንበሩ የጋራ ነው፣ ቦኖው የጋራ ነው፣ ድንኳኑ በጋራ መዋጮ የተገዛ ነው። በጋራ ነገር ላይ የሰው ልክ አይለያይም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለጉባኤው እናቀርባለን።

1ኛ፦ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ «በሥራው፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በትውልዱ ምክንያት ማንም ሰው ከአባልነት አይከለከልም፤ በሐዘኑም ጊዜ አገልግሎቱ አይጓደልበትም» የሚል አንቀጽ ይጨመርበት።

2ኛ፦ በኮሚቴው ምርጫ ባለ እጆች እንዲጠቆሙና እንዲመረጡ ይደረግ። ስለ እነሱ በሌሉበት መወሰን ይብቃ።

3ኛ፦ በስብሰባ፣ በጠጅ ቤትም ሆነ በገበያ በስድብ ስም የጠራ አባል በመጀመሪያ በሽማግሌ ይመከር፤ ከደገመ በደንቡ መሠረት ይቀጣ። ተበዳዩ ወደ ሕግ ልሂድ ካለም ማኅበሩ ምስክር በመሆን ይርዳው እንጂ «በሽምግልና ጨርሰው» ብሎ አያስገድደው።

4ኛ፦ ልጅ ሲታመም አስቀድሞ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ይሁን። በወሬ ሰው የሚያስይዝ አባል በኮሚቴው ፊት ይጠየቅ።

እነዚህ አራት ነጥቦች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከወረዳ ደብዳቤም አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው የእናንተ እጅ መውጣት ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ድምፅ እስኪሰጥ ሳንጠብቅ የምንጀምረው አለ። ማረሻችንን ያሳላልን ሰው ስም አለው፤ አያ እከሌ እንበለው። ምጣዱን የሸጠችልን እናትም ስም አላት፤ እትዬ እከሊት እንበላት።

ሐሳብና ተቃውሞ ያላችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍም በቃልም ለኮሚቴው ብታቀርቡ ደስታውን አንችለውም።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ