ውኃው፣ ብቅሉና አሻሮው

ቦንጋ ላይ ጠላ ሸጠው ልጅ ወደሚያስተምሩ እናቶች የፒኤች ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር በሚገባ የሚለውጠው ፒኤቹ ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን ነው። የቧንቧው ውኃ 7 ቢያሳይም ምን ያህል አሲድ እንደሚያመክን ግን ወረቀቱ አይናገርም፤ የሚናገረው አልካሊኒቲው ነው። 100 ሚሊ ሊትር ቅዱና ፒኤቹ 4.5 እስኪደርስ 0.02 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ አንጠባጥቡበት፤ የፈጀው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር፣ በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት፣ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የተለካውን ውኃ ድፉት፤ ወደ ጋን አይመለስም።

ከፍ ካለስ? ባይካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ከሆነ በማፍላት ነጭ ሆኖ ከድስቱ ሥር ይዘቅጣል። እንደ ስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ከሶዲየም ጋር ከሆነ ግን ማፍላቱ ማገዶ ማባከን ነው፤ ለምግብ የተዘጋጀ ላክቲክ አሲድ በልኩ ይጨመርበታል። በቁላት የጠቆረ እህልም አሲድነት አለው። ስለዚህ አሻሮውን ለምን ያን ያህል እንደሚያጠቁሩት፣ ከመምከራችሁ በፊት እናቶቹን ጠይቋቸው።