ርኅራኄና ሥርዐት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የኢትዮጵያ ሽማግሎችና አሮጊቶች ፈጣሪያቸውን ከሚለምኑት ነገር አንዱ «የሰው እጅ አታሳየኝ» የሚል ነው። በዚህ ልመና ውስጥ ሞት አልተጠቀሰም፤ ሕመምም በስሙ አልተጠራም። የተፈራው ውሃ ለመጠጣት፣ ከአልጋ ለመነሣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ መጸዳጃ ለመሄድ የሌላውን ሰው ፈቃድና ጊዜ መጠበቅ ነው። ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤት የሚነገር ማናቸውም ነገር ከዚህ ፍርሃት መነሣት ይኖርበታል፤ ወደ መጦሪያ ቤት የገባ አረጋዊ የፈራው ነገር የደረሰበት ሰው ነውና።

«ጦረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ከባድ ቃል ነው። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ ከአገልግሎት በኋላ የሚከፈለው ገንዘብም «ጡረታ» የተባለው ከዚሁ ቃል ወጥቶ ነው። ጧሪ ቀባሪ ማጣት ከድህነት ሁሉ የከፋ ድህነት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ሆኖም ልጆች ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር ሲበተኑ፣ ቤተሰብም በጦርነት፣ በበሽታና በችግር ሲፈርስ፣ ግዴታው ከቤተሰብ ትከሻ ወርዶ ወደ ተቋም እየተላለፈ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የማዘር ቴሬዛ እኅቶች አስታዋሽ ያጡ ሕሙማንን ሲያስጠጉ ቈይተዋል። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከልም በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከጎዳና አንሥቷል።

«ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የመቄዶንያ መሪ ቃል በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በዚህ እምነት ነው። ዳሩ ግን የወደቀውን ካነሡ በኋላ ለዓመታት ክብሩን ጠብቆ ማኖር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የሰው ልብ ይራራል፤ የሰው ጉልበት ግን ይደክማል። ስለዚህ ርኅራኄ በደከመ ጊዜ የሚደግፈው ሥርዐት ያስፈልገዋል። ይህም ሥርዐት በከፊል በሒሳብ፣ በከፊልም በግንብ የሚሠራ በመሆኑ የመሐንዲሶችን ሙያ በቀጥታ ይመለከታል።

በመጀመሪያ የጊዜውን ሒሳብ መመልከት ይገባል። አንዲት አስታማሚ በራሳቸው መጉረስ የማይችሉ 12 አረጋውያን ተመደቡላት እንበል። እያንዳንዳቸውን ሳያጣድፉ ለማጉረስ 20 ደቂቃ ቢያስፈልግ፣ ለቁርስ ብቻ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ የመጨረሻው አረጋዊ ቁርሱን ሲጨርስ የምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው ደግሞ ገላው እንዳይቈስል ብዙውን ጊዜ በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ ለ12 ሰዎች 60 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ሌሊቱን ሙሉ የአስታማሚዋ ጊዜ እኩሌታ ለመገላበጥ ብቻ ይውላል ማለት ነው። በዚህ መካከል «ልጄ፣ ወደ ውጭ ልውጣ» ብለው የሚጣሩ አዛውንት ቢዘገይባቸውና ልብሳቸው ቢርስ፣ ጥፋቱ የአስታማሚዋ ክፋት ተደርጎ ይቈጠራል። እርሷ ግን ከዐቅሙ በላይ ጭነት የተጫነበት ምሰሶ ሆናለች። ምሰሶ ሲሰነጠቅ ምሰሶውን የሚሳደብ መሐንዲስ የለም፤ ጭነቱን እንደገና ያሰላል እንጂ። የአስታማሚዎች ቍጥርም ከአልጋው ቍጥር ጋር አብሮ መሰላት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕንፃው ነው። ጥሩ ሕንፃ ሰው በሰው ላይ ያለውን ጥገኝነት ይቀንሳል። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ድረስ በግድግዳው ላይ ያለማቋረጥ የተዘረጋ የእጅ መደገፊያ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው እናት የሰው እጅ ሳያዩ ደርሰው እንዲመለሱ ያስችላቸዋል። ዋጋው የጥቂት ሜትር ቧንቧና የጥቂት ብሎኖች ዋጋ ነው። መደገፊያው ሲቀር ግን እኒያው እናት አስታማሚ ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎም ፖፖ ይቀርብላቸዋል፤ በመጨረሻም መራመድን ራሱን ይተዋሉ። ያልተራመደ እግር ደግሞ ፈጥኖ ይሰንፋል። በዚህ ዐይነት የአንድ መደገፊያ መጉደል ሰውን ለዘለቄታው አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል።

የበር ነገርም እንደዚሁ ነው። የመጸዳጃ ቤት በር ብዙ ጊዜ የሚሠራው 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ከነሚገፉት እጆች ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይሻል፤ ውስጥ ገብቶ ለመዞርም 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ዙሪያ ያስፈልገዋል። በመግቢያው ላይ እያንዳንዳቸው 16 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ካሉ፣ ከፍታው 48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ለዐሥራ ሁለት በሆነው የተለመደ ተዳፋት 5 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ራምፕ ይጠይቃል። ቦታ ቈጥበናል ተብሎ በ2 ሜትር ላይ የተሠራ ራምፕ ለፎቶግራፍ ያገለግል እንደሆነ እንጂ ወንበሩን ራሱ ለሚገፋ ሽማግሌ ከደረጃው አይሻልም።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ንጽሕናን ከመልካም ፈቃድ ብቻ መጠበቅ አይቻልም። 60 አልጋ ላለው ቤት በሰው በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 6,000 ሊትር ነው፤ ውሃው ለ3 ቀን ቢጠፋ 18,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ይህ ሳይታሰብ ሲቀር በ2ኛው ቀን የሚታጠበው ይመረጣል፤ የሚቀረው ሰው ሽታውን ራሱ ያሸታል፤ ጠያቂ ቢመጣበትም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ክብር የሚነካው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ ግንብና ቧንቧ ብቻቸውን ክብርን አይጠብቁም። ሰውን «አልጋ ቍጥር 14» ብሎ መጥራት ለመዝገብ ይቀላል፤ አልጋው ላይ የተኙት ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ መምህር፣ ወይም መንደሩን ሲያስታርቁ የኖሩ የአገር ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። በማዕረጋቸው ሊጠሩ፣ ገላቸው በሚታጠብበት ጊዜ መጋረጃ ሊጋረድላቸው፣ የሚለብሱትን ሊጠየቁ፣ በጾማቸው ቀን የጾም ምግብ ሊቀርብላቸው ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሖዎች በአምስት ርእሶች ተከፍለዋል፤ እነርሱም ነጻነት፣ ተሳትፎ፣ እንክብካቤ፣ ራስን ማበልጸግና ክብር ናቸው። እንክብካቤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አብልቶ፣ አልብሶና አሳክሞ ሌሎቹን አራቱን የነፈገ ቤት ሥራውን ገና አልጨረሰም።

አምስቱን በአንድ ቤት ውስጥ ለማገናኘት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ በኔዘርላንድ፣ በዌስፕ ከተማ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሆኸዌይክ የተባለው መንደር የማስታወስ ችሎታቸው ክፉኛ የደከመ አረጋውያን የሚኖሩበት ነው። ነዋሪዎቹ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ በመደዳ አልተኙም፤ ስድስት ሰባት እየሆኑ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ምግባቸውም በዚያው ቤት ይበስላል። ከበራቸው ሲወጡ መንገድ፣ አደባባይና ሱቅ ያገኛሉ፤ መንደሩ በዙሪያው የታጠረ ስለሆነም ማንም ሳይከለክላቸው በግቢው ይዘዋወራሉ። የኔዘርላንድን ሀብት ለኢትዮጵያ መመኘት ከንቱ ነው። ሐሳቡ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች፣ በመካከላቸው ጥላ ያለው ዛፍና ቡና የሚፈላበት ቦታ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደሉም። ከስልሳ አልጋ አዳራሽ ይልቅ ለአገሬው አኗኗር የሚቀርበው ይኸው ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624ም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡባቸው እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው ግን በንድፉ ላይ ፊርማውን የሚያኖረው ባለሙያ ነው።

መጦሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በምጽዋት ነው። ሲሚንቶ የሰጠ አለ፤ ብረት የሰጠ አለ፤ በቀን ሥራ የረዳም አለ። በምጽዋት የሚሠራ ቤት የባለሙያ ምክር መግዣ ስለሌለው፣ ስሕተቱ በሲሚንቶ ደርቆ ለሃምሳ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ የማንኛውም መጦሪያ ቤት ንድፍ መሠረቱ ከመቈፈሩ በፊት በማኅበሩ አባላት ያለ ክፍያ ይመርመር። ሁለተኛ፣ የበሩን ስፋት፣ የራምፑን ተዳፋት፣ የመደገፊያውን መሥመር፣ የሌሊቱን መብራትና የውሃውን መጠን የሚዘረዝር አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ መርማሪው ንድፉን ከማጽደቁ በፊት በቤቱ የሚኖሩትን አረጋውያንና በዚያ የሚሠሩትን አስታማሚዎች ቀርቦ ይጠይቅ፤ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ርዝመት ከእነርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕውቀት በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ቀጠሮ የሚጠብቁበት ዕድሜ ያለፈባቸው ሰዎች ግን የሚቀጥለውን ዓመት ጉባኤ ሊጠብቁ አይችሉም።