ሠራተኛውን ወደ ሥራው ወይስ ሥራውን ወደ ሠራተኛው?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



መንግሥት ድርጅቶች የአገራቸውን ሠራተኛ እንዲቀጥሩና ሥራ ወዳለበት ስፍራ እንዲያዛውሩ ሲሻ፣ ዞሮ ዞሮ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንደኛው ለቀጣሪው በቀጠረው ሰው ቁጥር ልክ መክፈል፣ ሁለተኛው የሠራተኛውን የጉዞና የመቋቋሚያ ወጪ መሸፈን፣ ሦስተኛው ደግሞ በፋብሪካው ሕንፃና መሣሪያ ላይ ቀረጥና ግብር ማቅለል ነው። ሦስቱም ማበረታቻ ይባሉ እንጂ ውጤታቸው አንድ አይደለም።

የመጀመሪያውን መንገድ በሰፊው የሞከረችው ብሪታንያ ናት። ነባር ኢንዱስትሪዎች በተዳከሙባቸው አካባቢዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ መንግሥት ለአምራች ድርጅቶች በአንድ የሙሉ ጊዜ ወንድ ሠራተኛ በሳምንት 30 ሺልንግ ይከፍል ነበር። ሐሳቡ ሥራው ራሱ ወደ ሠራተኛው እንዲሄድ ነበር። ነገር ግን ክፍያው ለአዲስ ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በሥራ ላይ ለነበረውም ጭምር ስለሚሰጥ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ አዲስ ሥራ ሳይፈጥር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 ክፍያው ቀረ።

ስዊድን ሁለተኛውን መንገድ ያዘች። የሠራተኛ ማኅበራት ኢኮኖሚስቶች የነበሩት ዮስታ ሬንና ሩዶልፍ ሜይድነር ባፈለቁት ሐሳብ መሠረት፣ የሥራ ገበያ ቦርድ ሥራ ፈላጊውን እያሠለጠነ፣ ለመዛወሪያውም ድጎማ እየሰጠ፣ ሥራ ወደሚገኝበት አካባቢ እንዲሄድ አደረገ። ሆኖም ወጣቶቹ እየተለዩት የሄዱበት የሰሜኑ ሕዝብ፣ የመሥሪያ ቤቱን ምሕጻረ ቃል «ሁሉም ወደ ደቡብ መሄድ አለበት» እያለ በምፀት ይፈታው ነበር።

ኢትዮጵያ በአመዛኙ የተከተለችው ሦስተኛውን ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቀደ፤ የገቢ ግብር እፎይታም ሰጠ። እንደ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ሶማሌ ባሉ ክልሎች ለሚሠሩ ባለሀብቶች ደግሞ፣ የእፎይታው ጊዜ ካበቃ በኋላ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የግብሩን 30 በመቶ ቀነሰ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ማበረታቻው የሚጠይቀው ካፒታሉ የት እንዳረፈ እንጂ ሠራተኛው የት እንደሚያድር አይደለም።

ውጤቱ በሐዋሳ ታየ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለ60,000 ያህል ሠራተኞች የታሰበ ሲሆን፣ ፍሳሹን አጣርቶ ውኃውን መልሶ ለሥራ የሚያውል ዘመናዊ ማጣሪያ ተሠርቶለታል። ለሥራ ከገጠር ለመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ግን መኝታ ከሼዶቹ ጋር አብሮ አልታነጸም። ከከተማው ጠባብ ክፍል እየተከራዩ፣ ኪራዩን ለሦስት ለአራት ሆነው እየተካፈሉ ይኖሩ ጀመር። ለፍሳሹ የታሰበውን ያህል ለሠራተኛዋ እንዳልታሰበ ማንም መሐንዲስ ከንድፉ ሊያነበው ይችላል።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። የልብስ ስፌት መሥመር ፍጥነት የሚወሰነው ከሁሉ በዘገየው መቀመጫ ነው። የሠለጠነች ሠራተኛ ለቃ ጀማሪ ስትተካ መሥመሩ በሙሉ በጀማሪዋ እጅ ልክ ይሄዳል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎችን ተከታትለው፣ ሥራ ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ መልቀቃቸውን አስታውቀዋል። በዚህ ዓይነት ፍልሰት መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም።

ስለዚህ ከግብር እፎይታው ከፊሉ አንድ ዓመት ከቆየ ሠራተኛ፣ ከተሠራ መኝታና ከተዘጋጀ የመጓጓዣ አገልግሎት ጋር ቢታሰር ይበጃል። ይህም የብሪታንያን ስሕተት ያስቀራል። ለመቁጠሪያ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በየወሩ ስለሚገባ፣ ማን ምን ያህል እንደቆየ መዝገቡ ይመሰክራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች በመንግሥት ፕሮግራም ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍሩ፣ ብዙዎቹ የሄዱት ሳይወዱ ነበር። ዝውውር ፈቃድን ካላስቀደመ ማበረታቻ አይባልም፤ የመጣውም ሰው የሚያድርበት ከሌለው አይጸናም። ወደፊት የፋብሪካ ንድፍ ለማዘጋጀት የሚቀመጥ መሐንዲስ ሁሉ፣ ከሼዱ መሠረት አስቀድሞ «ሠራተኛው ማታ የት ያድራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለሙያውም ለአገሩም የሚገባውን አደረገ ማለት ነው።