ኮሌጅ ማለት ምን ማለት ነው?



ዛሬ ስለ አንድ ቃል ልነግራችሁ ነው። ቃሉ «ኮሌጅ» የሚለው ነው። ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ስታነቡት አይቻለሁ። ማንበቡን ችላችኋል፤ ትርጉሙ ግን እኔንም አስቸግሮኛል። እንዴት እንዳስቸገረኝ ከዚሁ ከሱሉልታ ልጀምር።

አንድ ማታ ከትምህርት ስንወጣ አንድ አባት እጄን ያዙና «አንተ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነህ አሉ» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኩ። «እንግዲያውስ ና የላሜን ግት እይልኝ» አሉ። ሄድኩ። የላሟ ግት በአንድ ወገን አብጧል። ሲነኩት ይግላል፤ ወተቱም ጓል ጓል ሆኗል። የሱሉልታ ሰው ወተት ምን እንደሆነ ያውቃል። እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚሸጠው ወተት የጨው፣ የጋዝና የልጆች ደብተር መግዣ ነው። እኔ ግን የምማረው ታሪክ ነው። «አባባ፣ እኔ ይህን አላውቅም» ብላቸው ተቆጡ። «ታዲያ የምኑ ኮሌጅ ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የምኑ ነው?

ቃሉ የመጣው ከላቲን፣ ማለትም ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። እነሱ «ኮሌጊዩም» ሲሉ ትምህርት ቤት ማለታቸው አልነበረም፤ ማኅበር ማለታቸው ነበር። የካህናት ኮሌጊዩም ነበረ፤ የእጅ ባለሙያዎችም ነበረ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ድሆች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት የሚቀብሩበት ማኅበር ነበራቸው። እሱም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እናንተ ይህን ምን ትሉታላችሁ? እድር ትሉታላችሁ። እንግዲህ በጥንቱ ትርጉም ከሄድን፣ እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ ከእኔ በፊት ኮሌጅ ገብታችኋል ማለት ነው።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1250ዎቹ፣ ሮቤር ደ ሶርቦን የተባለ ቄስ በፓሪስ ከተማ ለድሀ የሃይማኖት ተማሪዎች ቤት አቋቋመ። የእኛ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ እየለመነ፣ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ ነው የሚማረው። እነዚያ ግን በአንድ ቤት አደሩ፤ ከአንድ ማዕድ በሉ። እንዲህ ያለው ቤት ኮሌጅ ተባለ። ቆይቶ ማስተማሪያው ራሱ ስሙን ወረሰ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በየአገሩ ሌላ ሌላ ሆነ። አሜሪካኖች ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለውን ትምህርት ሁሉ ኮሌጅ ይሉታል። ፈረንሳዮች ግን ገና የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች የሚገቡበትን ትምህርት ቤት ነው ኮሌጅ የሚሉት፤ ጎረቤታችን ጅቡቲም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጣ ሰው «ልጄ ኮሌጅ ገባ» ቢላችሁ ለድግሱ አትቸኩሉ።

በአገራችን ቃሉ የተለመደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ዳቦ ቤት ደጃፍ ከሚሰለፈው ሰው ያንሳሉ! በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሡም የስድስት ኪሎውን ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የጎንደሩ ደግሞ ገበሬውን ይበልጥ ይነካዋል። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ሐኪም አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ይህ ኮሌጅ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅም እንደዚሁ አድጎ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ምንና ምን ናቸው? ዩኒቨርሲቲን እንደ ሰፊ ግቢ ቁጠሩት። በግቢው ውስጥ ብዙ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ሕክምና፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ሕግ ይማሩበታል። እነዚያ ቤቶች ኮሌጅ ይባላሉ። ጎጆ ወጥቶ ብቻውን የቆመም ኮሌጅ አለ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አለ፤ የእጅ ሙያ የሚያስተምርም አለ። ሁሉም ኮሌጅ ነው፤ የሚሰጡት ወረቀት ግን አንድ አይደለም። በኦሮምኛም ቃሉ ያው «ኮሌጂ» ስለሆነ፣ ቋንቋ መለወጡ ከዚህ ጣጣ አያወጣም።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሰሌዳ ዝም ብሎ አይታመንም። ሁለት ክፍል ተከራይቶ «ኮሌጅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፤ አስነድታችሁ አካሄዱን ታያላችሁ። ልጃችሁ «ኮሌጅ ልገባ ነው፣ ገንዘብ ስጡኝ» ሲላችሁስ ለምን ዝም ትላላችሁ? ምን እንደሚያስተምር፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ሲጨርስ የትኛውን ወረቀት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ወረቀቱንም መንግሥት የሚያውቀው መሆኑን ጠይቁ፤ ማስተማሪያ ቤቱ የእውቅና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱም በጽሑፍ ነው። አሁን ማንበብ ችላችኋል፤ «አሳዩኝ» በሉና ራሳችሁ አንብቡት። ለአንዱ ትምህርት የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም፤ ስለዚህ የልጃችሁ ትምህርት ስሙ በወረቀቱ ላይ መኖሩን እዩ። ከወረቀቱ ይልቅ አፋቸውን የሚያስረዝሙ ከሆነ በሬያችሁን አትሽጡ።

የዚያች ላም ነገር እንዳይቀር። በማግስቱ ከአባባ ጋር የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ባለሙያው መጥቶ መርፌ ወጋት። በየቀኑ የታመመውን ጡት አልቦ መድፋት እንደሚገባም አሳያቸው። ላሟ ዳነች፤ ነገር ግን ከአራቱ ጡቶች አንዱ ደረቀ። ሁለት ቀን ቀደም ብለን ሄደን ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር።

አባባ ወደ ቤት ስንመለስ «ይኼ ልጅ የት ነው የተማረው?» አሉኝ። የእንስሳት ሐኪሞች ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱ እንደሚማሩ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና «ሴት ልጅስ ያስገባል?» አሉ።

«ያስገባል አባባ። ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«አምስተኛ» አሉ።